ቆዳው ደኅና፣ አጥንቱ ብስባሽ

ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ አሮጌ የጭቃ ቤት ሊገዛ የሄደ ብልህ ሰው ዓይኑን ከቆርቆሮው ላይ ቶሎ ያነሣል። ዝቅ ብሎ የማዕዘኑን ቋሚ እግር ይፈልጋል፤ ልስኑን በጣቱ ፈቅፍቆ እንጨቱን በቢላዋ ይወጋል። ቢላዋው ነክሶ ከቆመ በዋጋው ላይ ይከራከራል። እስከ እጀታው ከሰመጠ ግን፣ ግድግዳው በኖራ የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ያ ቤት የቆመው በልስኑ ብርታት እንደሆነ ገብቶታል።

ቢላዋው የሚሰምጥበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እንጨቱ ከአፈር ወጥቶ አየር የሚያገኝበት ቀለበት። ከዚያ አንድ ክንድ ከፍ ሲሉ እንጨቱ ደረቅ ነው። አንድ ክንድ ዝቅ ብለው ቢቆፍሩም ብዙ ጊዜ ከቀለበቱ የተሻለ እንጨት ያገኛሉ። እንጨትን የሚበላው ፈንገስ የሚባለው ሕያው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ውሃም አየርም ይፈልጋል። ከላይ ውሃ ያጥረዋል፣ ከታች አየር ያጥረዋል። ሁለቱ ተገናኝተው የሚጠብቁት በመሬቱ አፍ ላይ ነው።

ክቡራን እንግዶች፣ የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ያረጀ የፋይበርግላስ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ከተማ፣ ምንጩ ሁሉ ወደ ተከዜ በሚወርድበት በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሆኖ ስለ ጀልባ ማውራት ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። ለጎርጎራ ወደብ እንኳ ከዚህ ጎንደርን አልፎ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ያስፈልጋል። መልሱ አጭር ነው፤ ያረጀ ጀልባን መልሶ ለማቆም የሚያስፈልገው እውቀት ግማሹ የቤት ሠሪና የመንገድ ጠጋኝ እውቀት ነው። ያ እውቀት ደግሞ በዚህ አገር ሞልቷል።

ከነገሩ መነሻ እንጀምር። የመስታወት ጭረት እንደ ጥጥ ተፈትሎ ለሥራ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሬይ ግሪን የተባለ የኦሃዮ ሰው ያንን ጭረት ፖሊስተር በሚባል ሬዚን አርሶ ትንሽ ጀልባ ሠራበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የዓለም የትናንሽ ጀልባ ሥራ ከእንጨት ወደ ፋይበርግላስ ዞረ። ገዢውን የማረከው ነገር ግልጽ ነበር፤ አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ በቅርጽ ውስጥ ተለጥፎ ስለሚወጣ ቶሎ ይመረታል።

አይበሰብስም የተባለው እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ለቆዳው ብቻ ነው። የፋይበርግላስ ቀፎ ብቻውን ይለምጣል። ማዕበል ሲመታው እንዳይታጠፍ ከወለሉ ሥር በርዝመቱ የሚሄዱ ወራጆች ይገቡለታል። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳም እንዳይለመጥ መሐሉ ይሞላል። ለእነዚህ ሁሉ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙት ያንኑ የተሸሸውን እንጨት ነው፤ ወራጁ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ፣ የኋላ ግድግዳውም ወለሉም ኮምፔንሳቶ። በላዩ ፋይበርግላስ አለበሱትና ከዓይን ጠፋ። እንግዲህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ጀልባ ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የጣና ሰው ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ጀልባ ነበረው፤ ዛሬም አለው። የወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች በእጅጉ የሚታወቁበት የደንገል ታንኳ የሚደበቅ አጥንት የለውም። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ እቅፉ ከእቅፍ ይጠፈራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውሃ ይገባበታል፤ ሲገባበትም ባለቤቱ ያያል። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ዕድሜው በወራት ቢቆጠርም አንድም ቀን ባለቤቱን አያታልልም። ከመበስበሱ በፊት ይከብዳል፣ ከመስጠሙ በፊት ዝቅ ይላል።

ደንገል አጥንት ባይኖረውም ቅርጹን የሚይዝለት ነገር እንደሚያስፈልገው ዓለም የተማረው በዚሁ በጣና ደንገል ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የተወሰደ ደንገል በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች አሠርቶ፣ ራ ብሎ በሰየመው ጀልባ ከሞሮኮው ሳፊ ወደብ ተነሥቶ አትላንቲክን ለመሻገር ሞከረ። የጥንት ግብጻውያን ሥዕሎች ከተቀለበሰው ጭራ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ያሳያሉ። ያ ገመድ ችላ ተባለ። ጭራው እየዘቀጠ፣ ውሃ እየጠጣ ሄዶ ጀልባዋ የካሪቢያን ደሴቶችን ሳታይ ተተወች። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ጀልባን የሚያኖረው የተሠራበት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱን ከጫፍ ጫፍ የሚያስተላልፍለት ማሰሪያም ነው።

ጣና ላይ ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የሆላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አነሣሽነት በተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ሥራ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ቀድሞ በዳርቻው ብቻ ይሠራ የነበረው አጥማጅ ወደ ጥልቁ ወጣ፤ ቆሮሶና አምባዛ በብዛት ወደ ባሕር ዳር ገበያ ጎረፈ። ዛሬ በሐይቁ ላይ የብረትም የፋይበርግላስም ጀልባ ይታያል። ሞተር ደግሞ ለጀልባ አዲስ ሸክም ነው። በጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ይገፋታል፣ ያንቀጠቅጣታል። የታንኳ አፍንጫ የማያውቀውን ጭንቅ የፋይበርግላስ ጀልባ ጀርባ ይሸከመዋል።

ውሃው እንዴት ነው ወደ እንጨቱ የሚገባው? በብሎን ቀዳዳ ነው። ሞተሩ በብሎን ይታሰራል፤ ወንበሩ፣ የገመድ ማሰሪያው፣ የመረብ ማንጠልጠያው ሁሉ በብሎን ይያዛል። አንድ ብሎን በፋይበርግላሱ አልፎ ኮምፔንሳቶው ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን የሚዘጋው ትንሽ ሲሊኮን ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሲሊኮኑ ይለቃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዝናብ ጠብታ ጠብታ ይልካል። ኮምፔንሳቶው ይጠጣዋል፤ መውጫ ግን የለውም፣ ምክንያቱም በአራቱም ማዕዘን ውሃ በማያስተላልፍ ቆዳ ታሽጓል። ያ በቤቱ ቋሚ እግር ላይ ያየነው ቀለበት እዚህ እንጨቱን በሙሉ ሸፈነው ማለት ነው። ሙያተኞች ደጋግመው የሚጠቅሱት ልክ አለ፤ በእንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ፈንገስ አይነካውም። ታሽጎ የረጠበ እንጨት ወደዚያ ልክ በራሱ አይመለስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጀልባው ዋና ጠላት የሚንሳፈፍበት ሐይቅ ይመስለዋል። እንጨት ሙሉ በሙሉ ጠልቆ አየር ካጣ ግን ረጅም ዘመን ይቆያል። ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ ሰጥሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወጣ እንጨቱ ቅርጹን እንደያዘ ነበር። የጀልባን አጥንት የሚጨርሰው ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ጨው ፈንገስን ያዳክማል፤ የዝናብ ውሃ ግን ጨው የለውም፣ የጣና ውሃም ጨው አልባ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ እየወረደበት፣ የውሃ ማፍሰሻው ታፖ ተደፍኖ፣ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሮ ዳር ላይ የታሰረ ጀልባ በሐይቁ ላይ ሲሠራ ከነበረበት ጊዜ የበለጠ ይጎዳል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የመዶሻ እጀታ ይበቃል። የኋላ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየደቁ ማዳመጥ ነው፤ ደኅናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፣ የበሰበሰው እንደ ረጠበ ከበሮ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ወለሉ ላይ ሲረግጡ እግር ከሥሩ ለስለስ ካለው ወራጁም ተጠርጣሪ ነው። ከዚያ በስስ ትራፓኖ ከውስጥ በኩል መብሳት ይከተላል። ነጭ ደረቅ ብናኝ ከወጣ እሰየው። ቡናማ፣ እርጥብ፣ እንደ ቡና አተላ ጣት ላይ የሚለጠፍ ነገር ከወጣ ፍርዱ ታወቀ። ቀዳዳው በዚያው ቀን መደፈን አለበት፤ ምርመራው ራሱ ሌላ የውሃ በር እንዳይሆን።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ ምንም ከመቆረጡ በፊት ጀልባው በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መደገፍ አለበት። አጥንቱ የወጣለት ቀፎ እንደ ጨርቅ ነው፤ በተኛበት ቅርጽ ይጸናል። ተጣሞ ተደግፎ አዲሱ ወራጅ ከተለጠፈበት ያ ጥመት የዘላለም ነው፤ ጀልባው በቀጥታ መሄድ አይችልም። የጎጆ ሠሪ ማገሩን ከመምታቱ በፊት ቋሚዎቹን በቱንቢ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ ወለሉ ይቆረጣል። ከግድግዳው ጥግ አራት ወይም አምስት ጣት ያህል ጠርዝ ማስቀረት ብልህነት ነው፤ አዲሱ ወለል የሚያርፍበት ቦታ ይሆናል። ወለሉ ሲነሣ የሚታየውን ያየ ሰው አይረሳውም። ለመንሳፈፊያ ተብሎ የተሞላው ፎም ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሲቆርጡት ይንጠባጠባል። የወራጁ የፋይበርግላስ ልባስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መስመሩን ጠብቋል፣ ሲያዩት ደኅና ነው። ጎኑን በግራይንደር ሰንጥቀው እጅ ሲያስገቡ ግን እንጨት የነበረው ነገር በእፍኝ ይወጣል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የክረምት ጫካ የሚሸት አፈር ሆኗል። ያ ልባስ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስንት ክረምት ሰው እንደተሸከመ ማንም አያውቅም።

እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ያበላሻል። ልባሱን ጠራርጎ ከመጣሉ በፊት የወራጁ ከፍታ፣ ውፍረት፣ ከመሐል መስመር ያለው ርቀት ተለክቶ በካርቶን ቅርጽ መወሰድ አለበት። የልባሱን የታችኛውን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ማስቀረት ደግሞ ከልኬት ይበልጣል፤ አዲሱ ወራጅ የት እንደሚቆም ራሱ ይናገራል። የኋላ ግድግዳው በተለምዶ ከሁለት የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ተጣብቆ ይሠራል። ኮምፔንሳቶው ውሃ በሚቋቋም ኮላ የተጣበቀና ንብርብሩ ውስጥ ባዶ ቦታ የሌለው መሆን አለበት፤ ለጣሪያ ኮርኒስ የሚሸጠው ዓይነት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለዚህ አገር ሰው የግድ ይነገራል። የቤት ቋሚን ከምስጥ ለማዳን እግሩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ለቋሚ ይጠቅማል። ፋይበርግላስ ሊለብስ ለተዘጋጀ እንጨት ግን ዘይት መርዝ ነው፤ ሬዚኑ አይዝም። እንጨቱ ደረቅና ንጹሕ መሆን ብቻ ነው ያለበት። የሚጠብቀው ስድስቱም ገጹ በሬዚን መጥገቡ ነው፤ በተለይ የተቆረጠው ጠርዝ፣ ውሃን እንደ ጧፍ ክር የሚስበው እሱ ነውና።

አዲሱ ልባስ ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሥራው ልብ ነው። አሮጌው ፋይበርግላስ ቀለሙና ቆሻሻው ሙልጭ ብሎ እስኪጠራ ድረስ ይሞረዳል፣ ጠርዙም ይሳሳል። የሙያው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ወራጁ ከቀፎው ጋር የሚሠራው ሹል ጥግም በድፍድፍ ሬዚን ይሞላል፣ ክብ ይሆናል። የመስታወት ጨርቅ ሹል ጥግ ላይ አይተኛም፤ ሥሩ አየር ይቀራል፣ አየሩም ነገ የውሃ ቤት ነው። ስለ ሬዚኑ ምርጫም አንድ ነገር መባል አለበት። ኢፖክሲ ከፖሊስተር ይወደዳል፤ በአሮጌ ፖሊስተር ላይ ግን በጣም ይይዛል። በደረቀ ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር መለጠፍ አይሆንም። ኪስ ከፈቀደ ለወራጁና ለጀርባው መገጣጠሚያ ኢፖክሲ መጠቀም የተሻለ ነው፤ ወጪው ሌላ ቦታ ላይ ሊቆጠብ ይችላል።

የደጋ ሰው ደግሞ ብርድን ማስላት አለበት። ፖሊስተር ሬዚን ደስ የሚለው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ይጨመራል። ብርድ ሲሆን ማጠንከሪያውን ማብዛት የሚያምረው ብዙ ነው፤ እሱ ግን ሬዚኑን ያሳርረዋል፣ ያሰነጥቀዋል። ጤዛው ረግፎ ፀሐይ ሲከር መጀመር፣ ከሰዓት በኋላ መጨረስ ነው። ይህ ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ ኮባልት ከተባለው ማፍጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ሊፈነዳ ይችላል። የመስታወቱ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ጥሩ ማስክ፣ መነጽር፣ ክፍት ቦታ፤ ያለ እነዚህ ሥራው ባይጀመር ይሻላል። ወጣት ልጅን በሻሽ አፉን አሳስሮ ግራይንደር ማስያዝ በደል ነው።

የመጨረሻውን ትልቅ ነገር የሊማሊሞ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከደባርቅ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ ያወረደውን ጥምዝምዝ መንገድ ያቆየው የድንጋይ ካቡ ብቻ አልነበረም። ከገደሉ የሚወርደውን ውሃ ተቀብለው በመንገዱ ሥር የሚያሳልፉት ቱቦዎችም ናቸው። ቱቦው በአፈር ሲደፈን ጎርፉ መንገዱን ራሱን ቱቦ ያደርገዋል፤ ካቡም ይናዳል። በጀልባው ውስጥም እንዲሁ ነው። ወራጆች ቀፎውን በክፍል በክፍል ይለዩታል፤ በየክፍሉ ግርጌ ትንሽ የውሃ ማለፊያ ቀዳዳ ከሌለ የገባው ውሃ እዚያው ይቀራል። የመጀመሪያው ሠሪ ብዙ ጊዜ ቀዳዳውን ይበሳና የተበሳውን እንጨት ጥሬውን ይተወዋል። መልሶ የሚሠራው ሰው የቀዳዳውን ውስጥ በሬዚን ማጥገብ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ማልበስ አለበት። ብሎኑም እንደዚሁ፤ ቀዳዳውን አስፍቶ መብሳት፣ በኢፖክሲ መሙላት፣ ሲደርቅ በዚያው መሐል ለብሎኑ መብሳት። ያኔ ብሎኑ የሚነክሰው ኢፖክሲ ነው፤ ሲሊኮኑ ቢለቅ እንኳ ውሃው ከእንጨት ጋር አይገናኝም።

ጎንደር ላይ ከዚህ ጋር የሚዘመድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በጣሊያን ዘመን ሲጠገን ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ኖራ ግን ይተነፍሳል፣ ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ጥንቱ ኖራ ተመለሱ። ደረቅ ቆዳን በእርጥብ አጥንት ላይ መድፈን ለግንብም ለጀልባም አልበጀም። ለዚህ ነው የበሰበሰውን እንጨት ሳያወጡ በላዩ አዲስ ፋይበርግላስ የሚለጥፉ፣ ወይም ቀዳዳ በስተው ሬዚን የሚያፈስሱበት ሰዎች የሚሳሳቱት። ብስባሹ ሬዚኑን እርጥብ ሆኖ አይቀበልም፤ ፈንገሱም ወደ ደኅናው እንጨት መንገዱን ይቀጥላል። ቢላዋ ነክሶ የሚቆምበት ደረቅ እንጨት እስኪገኝ፣ ከዚያም አንድ ስንዝር አልፎ መቁረጥ ነው ያለበት።

ይህ ሁሉ ለአንድ አሮጌ ጀልባ ይገባል ወይ? ቀፎው ካልተሰነጠቀ በእርግጥ ይገባል። በእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ትልቁ ነገር ቀፎው ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። የጠፋው የአናጢ ሥራ ነው። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጎንደር ውስጥ ያሉ አናጢዎች የኮምፔንሳቶ ቆረጣና የውሃ ልክ ሥራን ያውቁታል፤ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ሬዚንና ስቱኮን ያውቁታል። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኝቶ የጀልባ ጥገናን እንደ አንድ ሙያ ማስተማር ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን አቅም በላይ አይደለም። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ስለ ዓሣው ዝርያ የተጻፈው ብዙ ነው። ዓሣውን የሚያወጣው ሰው የሚቆምበት ወለል ግን እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም።

ጀልባ ያላችሁ፣ ወይም ጀልባ ላይ የሚሠራ ወንድምና ልጅ ያላችሁ፣ ወደ ጎርጎራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትደውሉ ይህን ንገሩልን፤ ሰኔ ሳይገባ ጀልባው ከውሃ ይውጣ፣ አፍንጫው ከፍ ይበል፣ ታፖው ይነቀል፣ ጀርባው በመዶሻ እጀታ ይደቃ።